በአሜሪካ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅት ለመክፈት፦ ኤፍሲሲ የሚጠይቀው ከየት ተጀምሮ እንዴት ይሟላል

ሶፍትዌሩን መጫን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። አንድ የኪራይ ሰርቨር፣ አስቴሪስክ ወይም ፍሪስዊች፣ ከጅምላ አቅራቢ የተገዙ ጥቂት ቁጥሮች፣ ደንበኛው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ አዳፕተር፤ በቃ፣ ስልኩ ይጠራል። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም በአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ላሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ስልክ ማስገባት የሚፈልግ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ «መስመሩ የትልቁ ኩባንያ ነው፣ የሕጉም ጣጣ የእሱ ነው» ይላል። አይደለም። ለደንበኛው ቢል የምትልኩት እናንተ ከሆናችሁ፣ በሕጉ ዓይን አገልግሎት ሰጪው እናንተ ናችሁ፤ አምስት ደንበኛ ይኑራችሁ አምስት ሺህ። ጅምላ አቅራቢው አንዳንዱን ሥራ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ተጠያቂነቱን ግን አይወስድም።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጅ ሲነሳ ብቻ በእኛው ነው።)

መጀመሪያ፦ ሕጉ ይመለከታችኋል?

የአሜሪካን የስልክና የመገናኛ ሥራ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍሲሲ፣ የኢንተርኔት ስልክን ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዝንም። ፐልቨር የተባለ ኩባንያ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ብቻ ያስደውል የነበረበትን አገልግሎት በ2004 ከስልክ ሕግ ውጭ አድርጎታል። ዛሬም ከአፕ ወደ አፕ ብቻ የሚያገናኝ ሰው አብዛኛው ግዴታ አይደርስበትም። የሚደርሰው አራት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ድምፁ በሁለቱም ወገን በዚያው ቅጽበት የሚሄድ፣ ደንበኛው ብሮድባንድ የሚያስፈልገው፣ በኢንተርኔት የሚሠራ መሣሪያ የሚያስፈልገው፣ ከተራ ስልክ ጥሪ መቀበልም ወደ ተራ ስልክ መደወልም የሚያስችል። አራቱ ከተሟሉ በሕጉ አጠራር «ኢንተርኮኔክትድ ቮይፕ» ናችሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

ጥሪ መቀበያውን አጥፍቶ መደወያውን ብቻ በመሸጥ ለማምለጥ የሚያስብ አይጠፋም። በ2019 በወጣው ውሳኔ የድንገተኛ ጊዜ መደወያውን 911ን በተመለከተ ይህም ተዘግቷል፤ ወደ ተራ ስልክ ማስደወል ብቻውን ይበቃል።

ከሁሉም በፊት 911

የመዳብ ሽቦ ስልክ ከአንድ ቤት ጋር የተቆራኘ ነው። የእናንተ አዳፕተር ግን ሻንጣ ውስጥ ገብታ ከሜሪላንድ አትላንታ ትደርሳለች፣ በሜሪላንዱ መለያ 301 የሚጀምር ቁጥሯን እንደያዘች። እዚያ ሆኖ 911 የደወለ ሰው አድራሻውን ካልቀየረ፣ ጥሪው የሚነሳው ሜሪላንድ ነው፣ አምቡላንሱም ወደ አሮጌው ቤት ይሄዳል። ኤፍሲሲ በ2005 ድርጅቶቹን በ120 ቀን ውስጥ አስተካክሉ ብሎ ያጣደፋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

መስመሩን ከመክፈታችሁ በፊት ስልኩ በአካል የሚቀመጥበትን አድራሻ ከደንበኛው ተቀበሉ። ቢል የሚላክበትን አይደለም፣ የፖስታ ሳጥንም አይደለም። አድራሻውን በጅምላ አቅራቢው የ911 ገጽ ላይ ስታስገቡ ሲስተሙ ከአካባቢው የመንገድ መዝገብ ጋር ያመሳክረዋል፤ ካልተቀበለው «በኋላ እናስተካክላለን» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የአፓርታማው ቁጥር ነው። ደንበኛው የሕንፃውን ቁጥር ጽፎ ይተዋል፣ ሲስተሙም ሕንፃውን አውቆት «ትክክል» ይላል፣ 12 ፎቅ ሕንፃ ሥር የቆመው አምቡላንስ ግን የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም።

ሲጨርስ ከዚያው ስልክ 933 ደውሉ። ብዙ አቅራቢዎች ይህን ቁጥር ለሙከራ ከፍተውታል፤ የተመዘገበውን ቁጥርና አድራሻ በድምፅ ያነብላችኋል፣ የ911 ሠራተኛም አይረበሽም። ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሞ ቢያዳምጥ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ሌላው ስህተት ከአድራሻው አይደለም፣ ከኮለር አይዲው ነው። ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ምግብ ቤት ከሁለቱም ቦታ ሲደወል ዋናው ቁጥር እንዲታይ ይፈልጋል፤ እናንተም እንደፈለገው ታደርጋላችሁ። አሁን ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ኩሽና 911 ቢደወል አብሮ የሚሄደው ዋናው ቁጥር ስለሆነ ፖሊስ የሚደርሰው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ኤክስቴንሽን የራሱ የድንገተኛ ጊዜ ኮለር አይዲ መስጠት ነው፤ አብዛኞቹ የቢሮ ስልክ ሶፍትዌሮች ለዚህ የተለየ ቦታ አላቸው፣ ባዶውን ትተውት ነው የሚገኘው። ጭራሽ ያልተመዘገበ ቁጥር ደግሞ ጥሪው ወደ መካከለኛ የጥሪ ማዕከል ይወድቃል፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ አድራሻውን በአፍ ይጠይቃል፣ ደቂቃዎች ይባክናሉ፣ ብዙ አቅራቢዎችም ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ጥሪ ቅጣት የሚያህል ሒሳብ ይልካሉ።

ለሆቴልና ለቢሮ ስልክ ስትዘረጉ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ። በ2013 ካሪ ሀንት የተባለች ሴት በማርሻል፣ ቴክሳስ ሆቴል ክፍል ውስጥ ስትገደል፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ 911 አራት ጊዜ ሞክራ አልወጣላትም፤ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ነበረበት። በስሟ የተጠራው ሕግ ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2020 ወዲህ በሚተከል የብዙ መስመር ስልክ ላይ 911 ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር እንዲወጣ፣ እንደተደወለም እንግዳ መቀበያው ወይም ኃላፊው ወዲያው መልእክት እንዲደርሰው ያስገድዳል። ለመውጫ 9 የሚጫንበት ሲስተም ከሆነ 911ም 9911ም እንዲያልፉ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት፦ መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መሣሪያው ከቦታው ሲነሳ 911 ላይሠራ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ እንደሚችል። ደንበኛው ማንበቡንና መረዳቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ወይም የኦንላይን ማረጋገጫ ተቀብላችሁ ከነቀኑ አስቀምጡ። ስልኩ ላይ ወይም አጠገቡ የሚለጠፍ ስቲከርም ላኩ። ሕጉ አማርኛ አይልም፣ ማስጠንቀቂያው በግልጽ ቋንቋ ይሁን ነው የሚለው፤ ደንበኛችሁ በአማርኛ የሚያነብ ከሆነ በእንግሊዝኛ ብቻ የፈረመው ወረቀት ችግር ሲመጣ ብዙ አያስጥላችሁም። ፊርማው ሳይመጣ መስመር አለመክፈት ነው የሚሻለው፤ ከተከፈተ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

መዝገብ

መጀመሪያ በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ የኤፍአርኤን ቁጥር አውጡ፤ ነጻ ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይም አይፈጅም፣ ከዚያ በኋላ የሚሞላ ፎርም ሁሉ ግን እሱን ይጠይቃል። ቀጥሎ ፎርም 499-ኤ፣ ማለትም የዓመት ገቢ ማሳወቂያው። የሚገባው ዩሳክ ለተባለው፣ የዩኒቨርሳል ሰርቪስ ፈንድን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። ፎርሙ ላይ ሰዎች የሚያልፉት አንድ መስመር አለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የመንግሥት ወረቀት የሚቀበልላችሁ ወኪል። ቢሮአችሁ አሌክሳንድሪያ ቢሆን፣ ከድልድዩ ማዶ ነውና አይቆጠርም፤ የዲሲ አድራሻ ያለው ሰው ወይም በክፍያ የሚሠራ የወኪል ድርጅት ያስፈልጋችኋል።

ገንዘቡ

ዩኒቨርሳል ሰርቪስ ፈንድ በገጠር ለሚኖሩ፣ ለትምህርት ቤትና ለቤተ መጻሕፍት የሚውል መዋጮ ነው። የኢንተርኔት ስልክ ከ2006 ጀምሮ ይከፍላል። መዋጮው የሚሰላው ከአንድ ስቴት ወደ ሌላና ወደ ውጭ አገር ከሚሄደው ጥሪ ገቢ ላይ ብቻ ነው፤ የኢንተርኔት ጥሪ ግን ከየት እንደተነሳ ለማወቅ ስለሚያስቸግር ኤፍሲሲ ሦስት መንገድ ሰጥቷል፦ ትክክለኛውን መዝገብ መያዝ፣ የትራፊክ ጥናት አቅርቦ ድርሻውን ማሳየት፣ ወይም ያለ ክርክር 64.9 በመቶውን የኢንተርስቴት ገቢ ነው ብሎ መቀበል።

በሦስተኛው መንገድ ብንሄድ፣ በወር 10,000 ዶላር የምታስገቡ ከሆነ 6,490 ዶላሩ ይታሰባል። ተመኑ በየሩብ ዓመቱ ይለዋወጣል፤ ከ2024 ጀምሮ ከ30 በመቶ ወርዶ አያውቅም። 36 በመቶ ቢሆን 2,336 ዶላር ነው፣ በየወሩ። ይህን ቢል ላይ ለብቻው አስፍራችሁ ከደንበኛው መቀበል ትችላላችሁ፤ ግን ከተመኑ በላይ አንድ ሳንቲም መጨመር አይፈቀድም። የአስተዳደር ወጪ ካላችሁ በሌላ ስም በሌላ መስመር ጻፉት።

የዓመት መዋጮአችሁ ከ10,000 ዶላር በታች ከሆነ በቀጥታ አትከፍሉም። በ64.9 በመቶውና በ36 በመቶው ስሌት፣ በዓመት 40,000 ዶላር የሚያስገባ ድርጅት 9,345 ዶላር አካባቢ ስለሚመጣበት ከዚህ መስመር በታች ነው። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ከመዋጮው ነጻ መሆን ከፎርም 499-ኤ ነጻ አያደርግም፤ ለመስማት ለተሳናቸው የስልክ አገልግሎትና ለቁጥር አስተዳደር የሚከፈሉት ትንንሽ ክፍያዎች የሚሰሉት ከዚያው ፎርም ነው። ሁለተኛ፣ ጅምላ አቅራቢው እናንተን እንደ ተራ ደንበኛ ቆጥሮ መዋጮውን ከእናንተ ይወስዳል። በተቃራኒው በቀጥታ የምትከፍሉ ከሆነ መዋጮውን ራሳችሁ እንደምትከፍሉ የሚገልጸውን የመልሶ ሻጭ ማረጋገጫ በየዓመቱ ለአቅራቢው ስጡት። ይህን ወረቀት ያልሰጠ ለአንድ ጥሪ ሁለቴ ይከፍላል፤ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ቆይቶ ማስመለስ እጅግ አድካሚ ነው።

ደንበኞቻችሁ በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚደውሉ ከሆነ ደግሞ ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አንብቧት። ከኢንተርስቴትና ከውጭ አገር ድምር ገቢያችሁ የኢንተርስቴቱ ድርሻ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ የውጭ አገሩ ገቢ ከመዋጮ ነጻ ነው። 9,200 ዶላር ከውጭ አገር ጥሪ፣ 800 ዶላር ከኢንተርስቴት ቢገባ ድርሻው 8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 3,600 ዶላር መሆኑ ቀርቶ 288 ዶላር ይሆናል። ይህን ለመጠቀም ግን እያንዳንዱ ጥሪ ከየት ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል፤ በግምት አይሆንም። የሰርቨሩን የጥሪ መዝገብ በየሦስት ወሩ የሚያጠፋ ቅንብር ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። የመዋጮ ሰነድ የሚያዘው ለአምስት ዓመት ነው።

ኮለር አይዲና የሮቦኮል መዝገብ

በአሁኑ ጊዜ ትንንሽ ድርጅቶችን የሚያስዘጋው ይህ ክፍል ነው። ኤፍሲሲ የሮቦኮል፣ ማለትም በማሽን በጅምላ የሚደወል ጥሪ፣ መከላከያ መዝገብ አለው፤ እያንዳንዱ የስልክ አገልግሎት ሰጪ ስሙንና የመከላከያ ዕቅዱን እዚያ ያስገባል። ከሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 ጀምሮ መዝገቡ ላይ ከሌለ ድርጅት በቀጥታ የመጣ ጥሪን ሌሎቹ ኩባንያዎች መዝጋት ግዴታቸው ነው። ከመዝገብ መውጣት ማለት እንግዲህ ስልኩ ድንገት ዝም ማለት ነው። በ2025 ኦገስት ላይ ብቻ ከ1,200 በላይ ድርጅቶች ተሰርዘዋል።

የሚሰረዙት ሁሉ አጭበርባሪዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ወረቀት ያላስተካከሉ ናቸው። አንዱ ዕቅድ በሚጫንበት ቦታ ባዶ ገጽ ወይም የድርጅቱን ማስታወቂያ ይጭናል። ሌላው ከኢንተርኔት የገለበጠውን ዕቅድ የሌላ ኩባንያ ስም እንደተጻፈበት ያስገባል። ጥሩ ዕቅድ ሁለት ገጽ ይበቃዋል፣ ግን የራሳችሁን ሥራ ይናገር፦ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ መታወቂያና የንግድ ፈቃድ ታያላችሁ? በአንድ ጊዜ ስንት ጥሪ እንዲያወጣ ትፈቅዳላችሁ? በሰዓት ከስንት ጥሪ በላይ ሲሆን ሲስተሙ ያስጠነቅቃል? አምስት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ 400 ጥሪ ካወጣ የይለፍ ቃሉ ተሰርቋል፤ ቁልፉን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ጻፉት። አድራሻ ወይም ኢሜይል ሲቀየር በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አድሱ፤ በየዓመቱም እስከ ማርች 1 መዝገቡ ዳግም ይረጋገጣል።

የአጭበርባሪ ጥሪ ምንጭ ሲፈለግ የሚላክላችሁን ጥያቄ በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለባችሁ። በመዝገቡ ላይ የሰጣችሁት ኢሜይል ማንም የማያየው ከሆነ ጥያቄው እዚያው ያረጃል፤ ሁለት ሰው የሚያየው ሳጥን ይሁን።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ስተር ሼከን የተባለው የጥሪ ፊርማ ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ሲወጣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ደረጃ ይፈረምበታል። ኤ ማለት ደንበኛውን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩንም የመጠቀም መብት አለው ማለት ነው፤ ቢ ደንበኛውን አውቃለሁ፣ ቁጥሩን ግን አላውቅም፤ ሲ ጥሪው በእኔ በኩል አለፈ እንጂ ሌላ የማውቀው የለም። ለሁሉም ኤ የሚፈርም ድርጅት ቶሎ ይነቃበታል። ቴክኒኩን ሌላ ኩባንያ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2025 ወዲህ ፊርማው የሚወጣው በራሳችሁ ሰርተፊኬት ነው፣ ደረጃውንም የምትወስኑት እናንተው ናችሁ። ሰርተፊኬቱን ለማግኘት የገባ 499-ኤ፣ ኦሲኤን የሚባለው የኩባንያ መለያና የሮቦኮል መዝገቡ ያስፈልጋሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፤ ከመጨረሻው የጀመረ ሦስት ጊዜ ይመለሳል።

የደንበኛው ምስጢርና ቁጥሩ

ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደደወለ የሚያሳየው ዝርዝር የደንበኛው ነው። አንድ ሰው ደውሎ «የሚስቴን የጥሪ ዝርዝር ላኩልኝ» ቢል፣ መስመሩ በእሷ ስም ከሆነ መልሱ አይሆንም ነው። ራሷ ብትደውልም የይለፍ ቃል ካልነገረች ዝርዝሩ በስልክ አይነገርም፤ ወይ በተመዘገበው አድራሻ በፖስታ ይላካል፣ ወይ በተመዘገበው ቁጥር መልሳችሁ ትደውላላችሁ። የይለፍ ቃሉ ሰው ሊገምተው ከሚችል ነገር እንዳይሆን ሕጉ ይከለክላል። በእኛ ማኅበረሰብ የአያት ስምና የትውልድ ሰፈር የአደባባይ ነገር ነውና «የእናትሽ ስም ማነው?» የሚለውን ጥያቄ እርሱት። መረጃ ከተሰረቀ ከ7 የሥራ ቀን ባልበለጠ ጊዜ ለኤፍቢአይና ለሲክሬት ሰርቪስ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ስለመፈጸማችሁ ኃላፊው የፈረመበት ማረጋገጫ በየዓመቱ እስከ ማርች 1 ይገባል፤ በ2009 ይህችን አንድ ወረቀት በአግባቡ ባለማስገባት ከ600 በላይ ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የ20,000 ዶላር ቅጣት ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል።

ቁጥር ማዛወር ላይ ደንቡ አጭር ነው፦ ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ያልቃል፣ ደንበኛው ዕዳ ቢኖርበትም ቁጥሩን መያዝ አትችሉም፤ ዕዳውን በሌላ መንገድ ጠይቁት። ወደ እናንተ የሚመጣ ዝውውር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የአካውንት ቁጥሩ፣ ፒኑ ወይም ዚፕ ኮዱ ከአሮጌው ቢል ጋር አለመግጠሙ ነው። የመጨረሻውን ቢል ፎቶ ጠይቁ። ከዚህ የከፋው ደንበኛው ቸኩሎ አሮጌውን አገልግሎት ሲያዘጋ ነው፤ መስመሩ ከተዘጋ ቁጥሩ ይጠፋል፣ 20 ዓመት የኖረ የሱቅ ቁጥርም ቢሆን። «ዝውውሩ አልቋል እስክንላችሁ አትዝጉ» የሚለውን በትልቁ ጻፉላቸው።

ትንንሾቹ ግን የማይዘለሉት

ፍርድ ቤት ሲያዝ መስመር ማስጠለፍ የሚያስችል ዝግጅት ሊኖራችሁ ይገባል፤ ማን ትዕዛዙን እንደሚቀበል የሚገልጸው የአሠራር ሰነድ አገልግሎት ሳይጀመር ለኤፍሲሲ ይገባል። የደንበኞች ብዛት በዓመት ሁለቴ፣ ማርች 1 እና ሴፕቴምበር 1፣ ሪፖርት ይደረጋል። ኤፕሪል 1 ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፦ የዓመቱን 499-ኤ እና የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ማረጋገጫን። በቀጥታ መዋጮ የሚከፍል ደግሞ ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር በገቡ በመጀመሪያው ቀን የሩብ ዓመቱን ፎርም፣ 499-ኪው፣ ያስገባል። የየስቴቱ የ911 ክፍያና ግብር ለብቻው ነው፤ በየምትሸጡበት ስቴት መጠየቅ ነው እንጂ አቋራጭ የለውም። ለኤፍሲሲ ዕዳ ያለበት ድርጅት ሌላ ማመልከቻው ሁሉ እንደሚታገድ አስታውሱ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው ጥሪ

ጅምላ አቅራቢዎች ለ251 የተለያየ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ከሌሎቹ ሁሉ በጣም የረከሰው ብዙ ጊዜ ሲም ቦክስ ነው። ጥሪው አዲስ አበባ በኢንተርኔት ይገባና በአንድ ክፍል ውስጥ ከተደረደሩ ሲም ካርዶች በአንዱ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይወጣል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ወደምታውቁት ሰው ደውላችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የአሜሪካ ቁጥራችሁ መታየት ሲገባው የማይታወቅ 09 ወይም 07 ቁጥር ከመጣ መንገዱ ሕገ ወጥ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ መልሶ የሚደውለው ሰውም የማያውቀው መስመር ላይ ይወድቃል። አቅራቢውን አስቀይሩ።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መሣሪያ አስቀምጦ ጥሪ ማውጣትን የሚመክራችሁ ካለ አትስሙት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ለሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራትና የገቢውን አምስት እጥፍ መቀጫ ደንግጓል፤ የሚያዘው ደግሞ ዘመዳችሁ ነው። ፈቃድን የሚመለከተው ጥያቄ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

መዝጋት ከፈለጋችሁ

ሰርቨሩን አጥፍቶ መሄድ አይቻልም። ለደንበኞች በጽሑፍ አሳውቁ፣ ለኤፍሲሲ የማቋረጥ ማመልከቻ አስገቡ፤ ተቃውሞ ካልመጣ እንደ እናንተ ላሉት ትንንሾች በ31ኛው ቀን በራሱ ይፈቀዳል። በዚያ ወር ቁጥራቸውን ወደ ሌላ ድርጅት ያላዛወሩትን አንድ በአንድ ደውሉላቸው። ከዚያ ለዩሳክ የመዝጊያ ደብዳቤ ላኩና መዝገባችሁን አዘጉ፤ ካላዘጋችሁ ገቢ ከሌለው ድርጅትም ሒሳቡ መምጣቱን አያቆምም።